ሠላሳ ክንድ ጨርቅ በስልክ ላይ

ሜሌሴኒ ኮምፒዩተሯ ፊት ጭንቅላቷን ይዛ ተቀምጣለች። ምን ታድርግ? አክስቷ አካኔሲ ተናግረው ሄደዋል፤ በደሴታቸው በቫቫኡ ደግሞ የአባት እህት አንዴ ካለች አበቃ ነው።

«ከጨርቁ ፎቶ አንዲት ጣት እንዳታሳንሺ! ስምንት ወር የለፋንበትን ጨርቅ ቴምብር ልታደርጊው ነው?»

የማኅበሩ ሴቶች የዛፍ ልጥ ቀጥቅጠው፣ አጣብቀው፣ በእጃቸው የሣሉት ሠላሳ ክንድ ጨርቅ ነው። ቅዳሜ የአካኔሲ ልጅ ትዳራለች፤ ጨርቁም በሠርጉ ላይ ተዘርግቶ ለሙሽራው ቤተሰብ ይሰጣል። ከዚያ ወዲያ ማን ያየዋል? እኩሌታውን የሣሉት የአካኔሲ ታላቅ እህት ሎሴ ግን ጨርቁ ሳያልቅ ወደ ባላቸው ደሴት ተመልሰው ነበር፤ አሁን መርከቧ ተበላሽታ መምጣት አልቻሉም። ጨርቁን ለማየት የቀራቸው ተስፋ ሜሌሴኒ የምትሠራው የሴቶቹ ማኅበር ድረ ገጽ ብቻ ነው።

ሜሌሴኒም እንደታዘዘችው ፎቶውን ከነአርባ ሜጋባይቱ ጫነችው። ሐሙስ ጠዋት ስልኳ ጮኸ።

«እናንተ ሰዎች፣» አሉ ሎሴ፣ «ከትናንት ጀምሮ የማየው ነጭ ነገር ብቻ ነው። ቀለም መቀባት ረሳችሁ እንዴ?»

«ፎቶው ለእርስዎ ኔትወርክ ከብዶት ነው አክስቴ።»

«ታዲያ አቅልይልኛ!»

«አክስቴ አካኔሲ እምቢ አሉ።»

«አይ እሷ! ከልጅነቷ ጀምሮ ግትር...» መስመሩ ተቋረጠ።

ሜሌሴኒ ስልኩን አስቀምጣ ተነሣች። እየሮጠች ማኅበሩ አዳራሽ ስትደርስ አካኔሲና ሦስት ሴቶች ጨርቁን ለሠርጉ ደራርበው እያጠፉት ነበር። ቆማ አየቻቸው፤ ከዚያ ሣቋ አመለጣት።

«ምን ያስገለፍጥሻል?» አሉ አካኔሲ።

«ለምን አሳነሱት አክስቴ?»

«ማን አሳነሰው? አጠፍነው እንጂ! ተዘርግቶ በየትኛው በር ሊገባ ነው?»

«የአክስቴ ሎሴ ስልክም በሩ ጠባብ ነው። እኔም ልጠፈው። መጀመሪያ የምትታየው ትንሿ ፎቶ የታጠፈው ጨርቅ ናት፤ ሲነኳት በየክፍሉ ይዘረጋል።»

አካኔሲ የታጠፈውን ጨርቅ በእጃቸው መታ መታ አደረጉት። «አንቺ ጉደኛ! እሺ፤ ግን አንዲት መስመር ብትጠፋ አልለቅሽም!»

የጨርቁ ጠርዝ ላይ ከአንድ እስከ ሃያ አራት የክፍሎቹ ቁጥር ተጽፎበታል። ሜሌሴኒ የፎቶውን ቅጂ በዚያው ቁጥር ከፋፈለችው። የእያንዳንዱን ስፋት አራት መቶ ፒክስል ብታደርገው መስመሮቹ ተድበሰበሱ፤ ሦስት ሺህ ስታደርገው ደግሞ ለመክፈት ዕድሜ ፈጀ። ሺህ ላይ ሁሉም ጥርት ብሎ ቶሎ ተከፈተ። ለታጠፈችው ፎቶ ሦስት መቶ በቃት።

ዓርብ ከሰዓት ሎሴ ደወሉ። ሴቶቹ በሙሉ ስልኩን ከበቡት።

«ተከፈተልኝ! እልል! አንድ... ሁለት... ውይ ሲያምር!»

ሴቶቹም አብረው መቁጠር ጀመሩ፤ አዳራሹ በሣቅ ደመቀ። አሥራ ሰባት ላይ የሎሴ ድምፅ ጠፋ።

«ተቋረጠ?» አለች ሜሌሴኒ ደንግጣ።

«የለም፣ አለሁ። ይቺ የተንሻፈፈች መስመር የኔ ናት። ያን ቀን እጄ ተንቀጥቅጦብኝ... ታስተካክሏታላችሁ ብዬ ነበር የሄድኩት።»

«የአንቺን እጅ ማን ደፍሮ ያስተካክላል እትዬ?» አካኔሲ ዓይናቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ። «ይቺ መስመር እንዳትጠፋ ብዬ እኮ ነው ፎቶው አይነስ ያልኩት።»

ከስልኩ ሣቅ ይሁን ልቅሶ ያልለየለት ድምፅ መጣ።

«በሉ አታስለቅሱኝ፤ ቁጠሩ!» አሉ ሎሴ። «አሥራ ስምንት!»