የኖኤሚ ፊት በመዳብ ላይ

አርማንስ ከነጋ ጀምሮ ክፉ ክፉውን ታስባለች። ሰሙ ከመዳቡ ይላጥ ይሆናል፤ አሲዱ ይደፋ ይሆናል፤ ወረቀቱ ማተሚያው ውስጥ ይቀደድ ይሆናል። ቀትር ላይ ደግሞ ልጇ ኖኤሚ ልትመነኩስ፣ መነኮሳዪያቱ ከሰው ተለይተው ወደሚኖሩበት ካርሜል ገዳም ትገባለች። ከዚያ ወዲያ ድምጿን ከብረት ፍርግርግና ከጥቁር መጋረጃ ጀርባ ትሰማ እንደሆነ እንጂ ፊቷን ዳግም አታይም። የሚቀርላት ይህ የመዳብ ሰሌዳ ብቻ ነው።

ባሏ ከሞተ ወዲህ የሩዋን ከተማን ሰዎች መልክ በመዳብ እየቀረጸች የምታትመው እሷ ናት። አሁን አሁን ሰዉ ሁሉ ወደ ፎቶግራፍ አንሺው ይሮጣል፤ እሷ ግን ፎቶግራፍ መደብዘዙ አይቀርም ብላ አታምነውም። የከተማውን ዳኛ ጢም ስትስል አንድ መስመር እንኳ ደግማ አታውቅም። የልጇን መልክ ግን ደጋግማ ጀምራ ተወችው። በመጨረሻ ትናንት መዳቡን ቀብታ በሻማ ጭስ ባጠቆረችው ሰም ላይ በመርፌ ሳለችው። መርፌው ሰሙን በገለጠበት ሁሉ አሲዱ ገብቶ መዳቡን ይበላል። የፊቱ መስመሮች ስስ ናቸውና ጥቂት ብቻ ተበልተው መውጣትና አሲድ በማያስገባ ቫርኒሽ መሸፈን አለባቸው፤ ጸጉሩና ልብሱ ከዚያ በኋላ መበላቱን ይቀጥላል።

ሰሌዳውን አሲዱ ሳህን ውስጥ አጋደመችና የጸሎት መቁጠሪያዋን ይዛ፣ የሚታተምበትን ወረቀት በውሃ ልታርስ ወደ ግቢው ወረደች። ባሏ ያስተማራት ልክ ይህ ነበር፤ ክፍሉ ከቀዘቀዘ ለፊቱ መስመሮች አንድ ዙር የመቁጠሪያ ጸሎት ይበቃል። ሙቀት አሲዱን ያፈጥነዋልና አሲድ በሚሠራበት ቀን ምድጃው አይነድም።

ስትመለስ ገና በሩን ከመክፈቷ ሙቀት ፊቷን መታት።

«ምድጃውን ማን ለኮሰው?»

«እኔ ነኛ፣ እማዬ! ጣቶችሽን አላየሻቸውም? በብርድ ቀልተው ካሮት መስለዋል እኮ። ዛሬ እንኳ ይሙቅሽ ብዬ ነው።»

አርማንስ ወደ ሳህኑ ሮጠች። ከምድጃው አጠገብ የሞቀው አሲድ ሰማያዊ ሆኖ ይፍለቀለቃል። ሰሌዳውን አውጥታ ውሃ ደፋችበት፤ ሰሙን ጠረገችው። ዓይኖቹ ሁለት ጉድጓድ ሆነዋል። ከንፈሩ ተበልቶ ከአገጩ ጋር ተቀላቅሏል።

«አበላሸሁት?»

«አበላሸሽው።»

«ስደቢኝ እንጂ፣ እማዬ!»

«ለስድብም ጉልበት ያስፈልጋል፣ ልጄ።»

በርጩማው ላይ ዘፍ አለች። ለክፉው ነገር ሁሉ ተዘጋጅታ ነበር፤ ልጇ አዝናላት ታበላሸዋለች ብላ ግን አላሰበችም።

ኖኤሚ እግሯ ሥር ተንበረከከች። «ወደ እመ ምኔቷ ሰው ልላክ። ሌላ እስክትሠሪ ልቆይልሽ።»

አርማንስ ይህን ቃል ለመስማት ክረምቱን ሙሉ ስትለምን ኖራለች። አሁን ግን እሺ ብትል ሌላው ሰሌዳም እንደሚበላሽ ገባት፤ ያኔ ልጇን ለማቆየት ስትል ምድጃውን የምትለኩሰው አርማንስ ራሷ ናት።

«አይሆንም። ወንበሩ ላይ ተቀመጪ። ቆብሽን አውልቂ። አትሳቂ።»

«ማን ሳቀ?»

«ልትስቂ ነው፤ አውቅሻለሁ።»

የተበላውን መዳብ በመፋቂያ ፋቀችው፤ እስኪለሰልስ ወለወለችው። ከዚያ ያለ ሰም፣ ያለ አሲድ፣ በብረት መርፌ መዳቡን ራሱን እየጫረች ዓይኖቹን እንደገና ሳለች። እንዲህ ያለው ጭረት ማተሚያው ሥር ቶሎ ይደቅቃል፤ ከጥቂት ቅጂ በኋላ ይደበዝዛል። ይደብዝዝ። ጀርባዋን እየቆረጠማት ሠራች። ቀለም ቀብታ ስትጨርስ የማተሚያውን ዘንግ እናትና ልጅ አብረው አዞሩት።

ወረቀቱ ተገለጠ። ግራ ዓይኗ አሁንም ጠቁሯል፤ አፏ አላለቀም።

ኖኤሚ ጎንበስ ብላ አየችው። «አሮጊት አስመሰልሽኝ!»

«ስታረጂ አላይሽማ» አለች አርማንስ።

ኖኤሚ ቆቧን መልሳ አጠለቀች። የቀትሩ ደወል ሲጀምር አርማንስ ወረቀቱን ሳይደርቅ ጠረጴዛው ላይ ትታ የቤት ጫማዋን በቡት ቀየረች። መንገዱ በረዶ ይዟል። ልጅቷ አዳልጧት እግሯን ትሰብር ይሆናል ብላ፣ እስከ ገዳሙ በር ድረስ ክንዷን አጥብቃ ያዘቻት።