የጋሼ ዘውገ ምላጭ

አሮጌ ምላጭ እጁ የገባ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያደርገው መፈተግ ነው። በጡብ ይፈትጋል፣ በአሸዋ ይፈትጋል፣ ብረቱ እንደ መስታወት ካላበራ እንቅልፍ አይወስደውም። ራጉኤል አጠገብ ባለችው፣ ስለት በምስልባት ጠባብ ሱቄ ስንቱን ተቆጥቻለሁ። ቀዩ ዝገት ይውጣ፣ ጥቁሩን ግን ተዉት፣ እሱ ብረቱን አይጎዳም። በተነፋ አመድና በዘይት፣ በጨርቅ ቀስ እያሉ ማሸት ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። ይህን ለማስረዳት ግን የሚሰማ ሰው ያስፈልጋል፤ መርካቶ ውስጥ ደግሞ ሁሉም ተናጋሪ ነው።

ጋሼ ዘውገ ይሰሙ ነበር። ጎጃም በረንዳ ማር የሚሸጡ ሽማግሌ ናቸው። መጀመሪያ የመጡ ዕለት ከል ለብሰው፣ ጢማቸው አድጎ ፊታቸውን ውጦት ነበር። በነጠላ ቁራጭ የተጠቀለለ፣ እጀታው የቀንድ የሆነ፣ የሚታጠፍ ምላጭ ፈተው አሳዩኝ። ጣሊያን ሲወጣ ጥሎት ከሄደው ዕቃ መሀል የተገዛ ነው።

«የየሻሽወርቅ ሣጥን ውስጥ አገኘሁት» አሉ። «ሚስቴ ናት፣ አርባዋ ካለፈ ቆየ። በዚህ ነበር የምትላጨኝ። እስቲ አንተ አሸብር፣ አስተምረኝና ራሴ ላድሰው።»

«ትተውልኝ ቢሄዱ ነገ ያልቃል።»

«ግድ የለም፣ ራሴ ልሥራው።»

ሰው አጠገቤ ቁጭ ብሎ እጄን ሲያይ አልወድም። ያን ዕለት ግን ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ባዶ ሣጥን ገፋ አድርጌ አስቀመጥኳቸው። እኔም ብቻዬን ነው የምኖረው። ሱቄን ከዘጋሁ በኋላ ስሜን የሚጠራኝ ሰው የለም።

ዝገቱን አወጡ። ከዚያ ወደ መሳያው ድንጋይ ገባን። «ጀርባውም ስለቱም እኩል ድንጋዩን ይንኩ» አልኳቸው። «ጀርባው ከተነሳ አበቃ። ድንጋይ ላይ ስለቱ ይቀድማል፤ ማለስለሻው ቆዳ ላይ ደግሞ ጀርባው ይቀድማል፣ አለዚያ ቆዳዬን ይቆርጡብኛል። አይጫኑት፣ የራሱ ክብደት ይበቃዋል። ቸኩለው በሚሽከረከር ድንጋይ ላስለው ቢሉ ደግሞ ይግላል፤ የጋለ ምላጭ ሞተ ማለት ነው።» እጃቸው የማር ነጋዴ እጅ ነው፣ አይቸኩልም። ከሰዓት በኋላ ምላጩ የክንዳቸውን ፀጉር ጠርጎ ወሰደ።

«በሉ ይሂዱና ይላጩ» አልኳቸው።

በቅዳሜው ጢማቸውን እንዳንዠረገጉ ተመልሰው መጡ። ምላጩ ደንዟል። «አልያዘልኝም» አሉ። ጀርባውን አንስተውት ነው ብዬ ተቆጣሁ፤ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝ። እንደገና ሳልነው። ስንስል ስለ ክረምቱ አወራን፣ ስለ ማር አወራን፣ የሻሽወርቅ ለሳሙና እንዴት ትሰስት እንደነበር አጫወቱኝ። በሌላውም ቅዳሜ እንዲሁ ሆነ። እውነቱን ለመናገር ቅዳሜን መጠበቅ ጀምሬ ነበር፤ ገና በጠዋት ድንጋዩን ውሃ አጠጥቼ አስቀምጣለሁ።

አንድ ቅዳሜ ግን ምላጩን ይዤ ወደ ፀሐይ ወጣሁ። ጀማሪ ምላጭ ሲያበላሽ እዚህም እዚያም ነው። ይሄኛው ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ደንዟል፤ ስለቱን ድንጋይ ላይ አቁሞ የጎተተው ሰው አለ።

«ጋሼ፣ ይሄን ሆነ ብለው ነው ያደነዘዙት።»

አንድ ተሸካሚ «ዞር በሉ» እያለ ከፊታችን አለፈ። እግራቸውን ሰብስበው አሳለፉት።

«አዎ» አሉ። «ከተሳለማ ሂድ ትለኛለህ።»

«ብልስ? ይላጩበታል።»

«ማን ተላጭ ብሎኝ?» ድምፃቸው ከፍ አላለም። «ጎረቤቱም ዘመዱም ተዝካሯን በልተው ሲነሱ በሩ ላይ ቆሜ ሸኘኋቸው። አንዱ ‹ዘውገ፣ በቃህ፣ ጢምህን ተላጭ› ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ። ሁሉም እግዜር ያጥናህ እያለ ሄደ። ዘመዶቿም ወደ ጎጃም ተመለሱ። ሐዘንተኛ ራሱን ከሐዘን ያወጣል እንዴ? እሱስ የሌላ ሰው ሥራ ነው። አንተ ትለኛለህ ብዬ ተመላለስኩ። አንተ ደግሞ ምላጩን እንጂ ፊቴን አላየህም።»

ያን ሁሉ ቅዳሜ ከእኔ ክንድ በማይርቅ ቦታ ተቀምጠው ነበር። አፈርኩ።

ምላጩን ድንጋዩ ላይ አስተኛሁት። ሳልኩት፣ ቆዳው ላይ አመላለስኩት፣ ሳሙና በጥብጬ ከፊታቸው ቆምኩ። እንዲህ ያለ ነገር ለማንም ተናግሬ ስለማላውቅ ጉሮሮዬን ሁለቴ ጠረግሁ።

«ጋሼ ዘውገ፣ በቃ፣ ይብቃዎ። ጢምዎን ይላጩ።»

ዓይናቸውን ጨፍነው አገጫቸውን ሰጡኝ። ከጢሙ ስር የወጣው ፊት የከሳ ነበር፣ ከጠበቅሁትም ያረጀ። ስጨርስ ጉንጫቸውን የሌላ ሰው ጉንጭ ይመስል በመዳፋቸው ዳሰሱት። ምላጩን አጥፌ ሰጠኋቸው። ተቀብለው ኪሳቸው ከተቱት፤ ግን ከሣጥኑ አልተነሱም።

«እንግዲህ ምን ብዬ እመጣለሁ?» አሉ።

«ጢም አይደል፣ ጋሼ? እስከ ቅዳሜ ይበቅላል።»