የአይቡ ቁልቁለት

ራግና ወደ አባቷ ቤት በተመለሰች ማግስት፣ ጠዋት ፍሪጁን ከፍታ አይቡን ስታይ ክው አለች። እንደ ጡብ የጠጠረው ቡናማ አይብ እንደ ወትሮው በእንጨት ሳህኑ ላይ ተቀምጧል። ግን የግራው ጫፍ አራት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ቆሞ፣ የቀኙ ሳህኑን ሊነካ ምንም አልቀረውም። በዚያ ሸለቆ እንዲህ ያለውን አይብ የበረዶ መንሸራተቻ ቁልቁለት ይሉታል። ልጅ ሲያደርገው ይቆጡታል፤ እንግዳ ሲያደርገው እንዳላዩ ያልፉታል። የቤቱ ጌታ ሲያደርገው ግን ታይቶ አይታወቅም።

ያውም አባቷ ኦስሙንድ። ኦስሙንድ አርባ ዓመት አናጢ ነበር። እንጨቱንም በመላጊያ ይልጋል፣ አይቡንም በትንሽ የእጅ መላጊያ ይልጋል፤ የሁለቱም ሕግ አንድ ነው፤ ከዚህ ጫፍ አንድ፣ ከዚያ ጫፍ አንድ፣ ሁልጊዜ ደልዳላ። ራግና የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች ቸኩላ ከአንድ ወገን ብቻ ልጋ ብትነሳ፣ ከፍ ያለው ጫፍ ከዝቅተኛው እስኪስተካከል ድረስ ተቀምጣ እንድትበላ አድርጓታል። አሥራ አንድ ቁራጭ ነበር። እስከ ዛሬ አልረሳችውም።

ወደ አገሯ ያመጣት ግን አይቡ ሳይሆን ድስቱ ነው። ኦስሙንድ ድስት ምድጃ ላይ ጥዶ ረስቶት ቤቱ በጭስ ታፍኖ ነበር። ጭሱን ያየው ጎረቤት ለማዘጋጃ ቤቱ ተናገረ፤ ማዘጋጃ ቤቱም ደብዳቤ ላከ። በወሩ መጨረሻ ረቡዕ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ትሩደ የምትባል መርማሪ ትመጣለች፤ ኦስሙንድ በገዛ ወጥ ቤቱ ቁርስ ሲያሰናዳ ተቀምጣ ታያለች፤ ብቻውን መኖር ይችል እንደሆነም ትወስናለች። ካልቻለ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ በሚገኘው የአረጋውያን መኖሪያ አንድ ክፍል ተለቅቋል። ኦስሙንድ ይህን በስልክ ሲነግራት ድምፁን ከፍ አላደረገም። እዚያ ከሚያስገቡት የሬሳ ሳጥኑን ራሱ ሠርቶ ቢተኛበት እንደሚመርጥ ብቻ ነገራት። በሳምንቱ ከምትኖርበት ከብሪዝበን ተሳፈረች።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ በዚያ ቤት ያወጣው አይብ ነበር። ድስትማ ማንም ይረሳል። እጁ አርባ ዓመት የለመደውን የሚረሳ ሰው ግን ብዙ ነገር ረስቷል ማለት ነው። ራግና ይህን አሰበችና፣ አስባ ሳትጨርስ መላጊያውን አነሳች። ከፍ ያለውን ጫፍ ልጋ ልጋ አስተካከለችው። የላገችውንም እዚያው ቆማ በላችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ አባቷ ሳይነሳ ትነሳለች፣ ትልጋለች፣ ትበላለች። ቡናማ አይብ ጣፋጭ ነው፤ በባዶ ሆድ በየቀኑ ሲሆን ግን ደረት ያቃጥላል።

አንዳንዴ መላጊያውን እንደያዘች ትቆምና ይህን ለማን ነው የማደርገው ትላለች። ለእሱ ነው እንዳትል፣ እሱ ተወስዶ ቤቱ ከተሸጠ እሷም የምትገባበት እንደሌላት ታውቃለች። ለራሴ ነው እንዳትል፣ ሻንጣዋ እስካሁን አልተፈታም። ዘጠኝ ዓመት ሩቅ አገር ተምራና ሠርታ የተመለሰች ሴት፣ የት መኖር እንደምትፈልግ ቢጠይቋት መልስ አልነበራትም።

የተማረችው የዕቃ ንድፍ ነው፤ የሠራችውም ለአንድ የወጥ ቤት ዕቃ ፋብሪካ ነው። ሙዝን በአንድ ጊዜ አሥራ ሁለት ቦታ የሚቆርጥ ዕቃ፣ የተቀቀለ እንቁላልን አራት ማዕዘን የሚያደርግ ሌላ ዕቃ፣ አቮካዶን የሚሰነጥቅ፣ ፍሬውን የሚያወጣና የሚከትፍ ባለ ሦስት ሥራ ቢላዋ። ለቅጠላ ቅጠል የሚሆን አምስት ምላጭ ያለው መቀስም የእሷ ነው፤ በዚያ መቀስ ሽልማት አግኝታለች። አንድ ነገር ሠርታ በጨረሰች ቁጥር አንዱን ለአባቷ ትልክ ነበር። አሁን ሦስተኛውን መሳቢያ ስትከፍት ሁሉንም አገኘቻቸው፤ ከነካርቶናቸው፣ ማሸጊያቸው ሳይቀደድ፣ እንደ ሬሳ ተደርድረው። መሳቢያውን ቀስ ብላ ዘጋችው።

ረቡዕ ደረሰ። ራግና በአሥራ ሁለት ሰዓት ተነስታ አይቡን አስተካከለች፤ ከምንጊዜውም ይልቅ ደልዳላ፣ ውሃ ልክ የተቀመጠበት እስኪመስል። እንቁላሉን፣ ቅቤውን፣ ዳቦውን ሁሉ በቀላሉ የሚገኝበት ቦታ አኖረች። ከዚያ ተቀምጣ ጠበቀች።

ትሩደ ለአራት ሰዓት አንድ ደቂቃ ሲቀረው ደረሰች። ሃምሳዎቹን ያጋመሰች፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ ድምፅዋ ለስላሳ ሴት ናት። ጫማዋን በር ላይ አውልቃ በወፍራም የሱፍ ካልሲ ገባች። ጠረጴዛው ጥግ ላይ ተቀምጣ ወረቀቷን ዘረጋችና ኦስሙንድ ለሦስት ሰው ቁርስ እንዲያሰናዳ ነገረችው፤ የተቀቀለ እንቁላል፣ ዳቦ በአይብ፣ ቡና። ቀጥላ ወደ ራግና ዞረች።

"አንቺ እዚያ ወንበር ላይ ትቀመጫለሽ። አትነሺም፣ አትናገሪም፣ በዓይንም አትጠቅሺም።"

"ዝም ማለት ከቻለች ፈተናውን ያለፈችው እሷ ናት" አለ ኦስሙንድ።

ጅማሬው ደህና ነበር። ድስቱን ውሃ ሞልቶ ምድጃው ላይ በቀኝ በኩል ጣደው፣ እንቁላሎቹን ቆጥሮ አስገባ፣ በዳሰሳ አንድ የማሞቂያ ቁልፍ አዞረ። ዳቦውን ከወረቀት ከረጢቱ አውጥቶ ከረጢቱን ሳያይ ወደ ጎን ወረወረው። አንድ ወጥ አድርጎ ቆረጠ። እጁ ፈጣን ነው። ፍሪጁን ሲከፍት ትሩደ አንገቷን ሰገግ አድርጋ አየች፤ አይቡን አወጣ፤ አይቡ ደልዳላ ነው። ትሩደ አንድ ነገር ጻፈች።

እየጻፈችም ወሬ ጀመረችው። ወሬው ሊያደናግረው እንደሆነ ራግና ገብቷታል። ከዚህ ወጥ ቤት አንድ ዕቃ ብቻ ይዘህ ውጣ ብትባል የትኛውን ትይዛለህ ስትል ጠየቀችው። ኦስሙንድ ሳያመነታ የአይብ መላጊያውን አነሳ።

"ይኼን ያሰበው አናጢ ነው ይላሉ፤ ያስታውቃል" አለ። "አንድ ምላጭ፣ አንድ እጀታ፣ አለቀ።"

"የማይረባውስ የቱ ነው?"

ዓይኑ ወደ ሦስተኛው መሳቢያ ሄደና ተመለሰ። "ላሟን ባለቤቷ ፊት አልሰድብም።"

ትሩደ ሳቀች። ራግና ግን መሳቅ አልቻለችም፤ ምድጃውን እያየች ነበር። ድስቱ ያለው በቀኝ ነው። መቅላት የጀመረው ግን የግራው ማሞቂያ ነው። ማሞቂያው ላይ ደግሞ የዳቦው ከረጢት ተኝቷል።

ኦስሙንድ አይቡን ይልጋል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ራግና የወንበሩን ጠርዝ ጨበጠች። ከተናገረች አባቷ ፈተናውን ወደቀ ማለት ነው፤ ካልተናገረች ቤቱ ይቃጠላል። ትሩደን አየቻት። ትሩደ ብዕሯን አስቀምጣ እሷም ምድጃውን እያየች ነው፤ አንድ ጣቷን ብቻ ከጠረጴዛው ከፍ አድርጋ፣ ቆይ ትላታለች። የከረጢቱ ጫፍ ጠቆረ። ቀጭን ጭስ ተነሳ።

"ዛሬ ውሃው ሰነፈ" አለ ኦስሙንድ ድስቱን እያየ። ቀጥሎ አየሩን አሸተተ። "የሚያር ነገር ይሸተኛል።"

ድስቱን አየ። ጎንበስ ብሎ የመጋገሪያውን በር ከፍቶ አየ። ቀና ብሎ ጣራውን አየ። ጭሱ ከክርኑ አንድ ስንዝር ርቀት ላይ እየተጥመለመለ ሲወጣ፣ ከዚያ በስተቀር ሁሉንም አየ።

"አባዬ፣ በግራህ" አለች ራግና።

ፊቱን ወደ እሷ መለሰ። "ምኑ ነው በግራዬ?"

ያን ጊዜ ከረጢቱ ቦግ አለ። ትሩደ ከዚያ ሰፊ ትከሻዋ በማይጠበቅ ፍጥነት ተነስታ በመቆንጠጫ አንጠልጥላ እቃ ማጠቢያው ውስጥ ጣለችውና ውሃ ለቀቀችበት። ማሞቂያውን አጠፋች። ኦስሙንድ እሳቱ ከየት እንደመጣ እንዳልገባው ሰው፣ መላጊያውን ይዞ ቆሞ ቀረ።

ትሩደ አልተቆጣችም። ፊት ለፊቱ ቆማ አፍንጫዋን ብቻ እንዲያይ ነገረችው፤ ጣቷን ሲያይ አየሁ እንዲል። እጇን በግራው በኩል ዘርግታ ጣቷን ቀስ አድርጋ ወደ መሃል አመጣችው። ጆሮውን አለፈ። ጉንጩን አለፈ። ኦስሙንድ ዝም። ጣቷ አፍንጫዋ ጋ ሲደርስ "አየሁ" አለ፣ ፈተና እንዳለፈ ተማሪ ኮራ ብሎ።

ትሩደ ወደ አይቡ ዞረች። ሰባት ቁራጭ ተልጓል፤ ሰባቱም ከቀኝ።

"ራግና፣ አሁን ትናገሪያለሽ" አለች። ድምፅዋ እንደ ቅድሙ ለስላሳ አልነበረም። "ይኼ አይብ ከፍሪጅ ሲወጣ ደልዳላ ነበር፤ በዓይኔ አይቻለሁ። እንግዲህ በግራ በኩል ማየት ያቆመው ዛሬ ነው ማለት ነው? ዛሬ ከሆነ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ረግቶ ይሆናል፤ አሁኑኑ ሄሊኮፕተር እጠራለሁ፤ እያንዳንዷ ደቂቃ ከጭንቅላቱ ላይ የምትቆረስ ናት። የቆየ ከሆነ ሌላ ነገር ነው። የቱ ነው?"

ራግና ያለፉትን ቀናት አስታወሰች። አባቷ የማይበላው የሳህኑን የግራ ግማሽ ነበር፤ ምግብ መርጦ መስሏት ነበር። በሩን ሲያልፍ የሚጋጨው ግራ ትከሻው ነበር። የአይቡ ቁልቁለት አንድም ቀን ወደ ግራ ወርዶ አያውቅም። ሁሉን አይታለች። በየጠዋቱ አይታ፣ በየጠዋቱ ልጋ በልታዋለች።

"የቆየ ነው" አለች። "ከመጣሁ ጀምሮ እንዲሁ ነው። አይቡን የማስተካክለው እኔ ነኝ። በየጠዋቱ፣ ሳይነሳ።"

ድስቱ ውስጥ ያለው ውሃ አሁንም ቀዝቃዛ ነው።

"አንቺ ነሽ?" አለ ኦስሙንድ።

"እንዳይወስዱህ ብዬ ነው፣ አባዬ።"

ሽማግሌው ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። መዳፉን ዘርግቶ አየ። "ከድስቱ በኋላ እኔም ራሴን ጠርጥሬ ነበር" አለ። "ለማንም አልተናገርኩም። አንቺ ከመጣሽ ወዲህ በየጠዋቱ ስነሳ መጀመሪያ አይቡን በመዳፌ እዳስሳለሁ። ደልዳላ ነው። እንግዲያው እጄም ጭንቅላቴም ደህና ነው እልና ዝም እላለሁ። ሐኪም ጋ ልሂድ ብዬ ሦስት ጊዜ ኮቴን ለብሻለሁ። ሦስቱንም ጊዜ አይቡን ዳስሼ አወለቅሁት።"

ትሩደ ወረቀቷን አጠፈችና መኪናዋን ልታሞቅ ወጣች።

ሆስፒታሉ የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። በመንገዱ ሙሉ ኦስሙንድ ከትሩደ ጎን ተቀምጦ ስለ ጥድ ዋጋ አወራ፤ ከኋላ የተቀመጠችውን ልጁን አንድ ጊዜም አልጠራትም። ሐኪሞቹ ያገኙት ትሩደ የፈራችውን ነው። ከሳምንታት በፊት፣ ምናልባት ድስቱ በተቃጠለበት ሰሞን፣ ጭንቅላቱ ውስጥ ትንሽ ደም ረግቶ የግራውን የዕይታ ግማሽ ወስዶበታል። አእምሮው ሙሉ ነው። ወዲያው ቢመጣ ኖሮ የበለጠ ማዳን ይቻል ነበር ወይ ብላ ራግና ጠየቀች። ወጣቱ ሐኪም ትንሽ ዝም ብሎ፣ እንዲህ ያለውን ነገር ለይቶ መናገር እንደማይቻል ነገራት። ከመልሱ ይልቅ ዝምታው አብሯት ወደ ቤት ሄደ።

ኦስሙንድ በዘጠነኛው ቀን ተመለሰ። ትሩደ ለጊዜው በቤቱ እንዲቆይ ፈቅዳለች፤ መኪና መንዳት ግን ቀርቷል፣ እሷም በየሁለት ሳምንቱ እየመጣች ታያለች፤ ካልተሻሻለ ያቺ የአረጋውያን መኖሪያ ክፍል አለች። በምድጃው፣ በጠረጴዛውና በአይቡ ሳህን የግራ ጠርዝ ላይ ቀይ ፕላስተር ለጠፈች። ቀዩን እስኪያገኝ ድረስ አንገቱን ማዞር አለበት፤ መድኃኒቱ ያ ነው። ኦስሙንድ ቤቴን የገና ስጦታ አስመሰለችው ብሎ አጉረመረመ።

ራግናን ያናገራት በዚያው ቀን ማታ፣ ራት ላይ ነው። "አምስት ምላጭ ያለው መቀስ ሠርተሽ ተሸለምሽ" አለ ከሳህኑ ቀና ሳይል። "ባለ አንድ ምላጩን ግን እጅሽ ላይ መጥፎ ዕቃ አደረግሽው።" ከዚያ አንገቱን አዙሮ፣ ቀዩን ፈልጎ አግኝቶ፣ በግራ በኩል የቀረውን ድንች በላ።

በነጋታው ጠዋት ራግና ከእሱ ቀድማ ተነሳች። ፍሪጁን ከፈተች። አይቡ ወደ ቀኝ ቁልቁል ይወርዳል። እጇ በልማድ ወደ መላጊያው ሄደ፤ እጀታውን ጨበጠች። ደረቷ ገና ከአሁኑ ያቃጥላት ጀመር።

"ስንት ጣት ነው?"

አባቷ በሌሊት ልብሱ በሩ ላይ ቆሟል። ራግና መላጊያውን አስቀመጠች። ጣቶቿን ከከፍተኛው ጫፍ ጎን ገትራ ለካች።

"ሦስት ተኩል።"

ኦስሙንድ ከጆሮው ላይ የአናጢ እርሳሱን አውርዶ ዘረጋላት። ከፍሪጁ ጎን ያለውን ነጭ ግድግዳ በአገጩ አሳያት።

"ጻፊው" አለ። "በየጠዋቱ፣ ሳትልጊ።"

ቀኑን ጻፈች። ከጎኑ ሦስት ተኩል ብላ ጻፈች። አባቷ አንገቱን ወደ ግራ ሩቅ ድረስ አዙሮ ከመጀመሪያው ፊደል ጀምሮ አነበበው፤ አንብቦም ሲጨርስ ምድጃው ጋ ሄዶ ቀዩን ፈለገ።