ባለቤቴን የማናደድ ሥራ

ጢሙን ሊላጭ ጸጉር ቤቴ የመጣ አዲስ ደንበኛ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «ያቺ ጦር ወርዋሪ እውነት ሚስትህ ናት?» ናት እላለሁ። ከዚያ ክንዴን ያያል፣ ደረቴን ያያል፤ እኔ እንደሆንኩ ነፋስ የሚያወላውለኝ ቀጭን ነኝ። «ታዲያ እንዴት በሕይወት ኖርክ?» ብሎ ይስቃል። ምላጭ በያዘ ሰው ላይ መሳቅ ድፍረት ይጠይቃል፤ ቢሆንም ችዬ እላጨዋለሁ።

የማያውቀው ነገር ቢኖር፣ ቤታችን ግድግዳ ላይ ከተሰቀሉት ሜዳሊያዎች ግማሹ የእኔ ላብ መሆኑን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤቴ ካልተናደደች ጦሯ አይሄድም። ደስ ብሏት የወረወረች ቀን ጦሩ ሽቅብ ይወጣና መልሶ አፍንጫዋ ሥር ይተከላል። በተጋባን በዓመቱ፣ የውድድር ዕለት ጠዋት፣ ላግዛት ብዬ ማልያዋን በካውያ አቃጠልኩባት። እሳት ለብሳ እሳት ጎርሳ ከቤት ወጣች፤ ሻምፒዮን ሆና ተመለሰች። በማግስቱ አሰልጣኟ ጸጉር ቤቴ መጥተው ወንበሩ ላይ ተቀመጡና በመስታወቱ ውስጥ ትክ ብለው አዩኝ።

«ከዛሬ ጀምሮ ሥራህ እሷን ማናደድ ነው» አሉኝ።

«እኔ እኮ ጸጉር አስተካካይ ነኝ።»

«እሱን በትርፍ ጊዜህ ትሠራዋለህ።»

ከዚያ ወዲህ ውድድር በመጣ ቁጥር ጠዋት ተነሥቼ ነገር እፈልጋለሁ። የተቀናቃኟን ፎቶ ከጋዜጣ ቆርጬ መስታወቷ ላይ ለጥፌ፣ «አወራወር ማለት ይሄ ነው!» ብያለሁ። የመወርወሪያ ጫማዋን አትክልት ልትኮተኩትበት ለፈለገች እህቴ አውሻለሁ። አንድ ጊዜማ ሳላማክራት እናቷን ከነሻንጣቸው አመጣሁባት። የዚያን ቀን የወረወረችው ጦር ክብረ ወሰን ሰበረ፤ አማቴ ግን ክብረ ወሰኑ ከተሰበረ በኋላም አልሄዱም። ጭብጨባው ለአሰልጣኙ፣ ኩርፊያው ለእኔ፣ የአማቴ ምክር ለሁላችንም ሆነ።

ዓመታት እንዲህ አለፉ። ትከሻዋን ያማት ጀመር። ዘንድሮ ፌዴሬሽኑ ቁርጧን ነገራት፦ ሻምፒዮናውን ካላሸነፈች ከብሔራዊ ቡድኑ ትወጣለች፣ ቦታዋም ለልጅቷ ይሰጣል። «ልጅቷ» የምንላት ራሷ ባለቤቴ ጦር አያያዝ ያስተማረቻት ወጣት ናት። ክንዷ ረጅም፣ ምላሷ አጭር፣ ለመጥላት እንኳን የማትመች ልጅ ናት።

የውድድሩ ዕለት ጠዋት ማልጄ ተነሣሁና የሳሙና አረፋ የነካውን የጢም ብሩሼን ከምትወደው የሻይ ኩባያዋ ውስጥ ዘፈዘፍኩት። ገብታ አየችው። ከዚያ ፈገግ አለች።

«አይ አንተ! ዛሬ ደግሞ ይሄን አመጣህ?» ብላ ግንባሬን ሳመችኝ።

ማልያዋ ላይ ሆን ብዬ ሻይ ደፋሁ፤ «ሲደርቅ አይታይም» አለችኝ። እንደ መጨረሻ መሣሪያ እናቷን አነሣሁ፤ «እውነትህን ነው፣ እማዬ አብዝታዋለች» አለች። ያን ጊዜ ነቅታብኛለች፣ አለቀልን ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ።

ሜዳው ላይ የፈራሁት ደረሰ። ልጅቷ ገና በመጀመሪያ ውርወራዋ ጦሩን አራቀችው። የባለቤቴ ጦር አጠገቡም አልደረሰም። ደግማ ወረወረች፣ ባሰ። እንደገና ተንደርድራ ነጩን መስመር ረገጠችና ዳኛው ቀይ ባንዲራ አነሣ። አሰልጣኙ ከወዲያ ማዶ ዓይናቸውን ያጉረጠርጡብኛል፤ ሥራህን ሥራ ማለታቸው ነው።

የመጨረሻው ውርወራ ብቻ ሲቀራት ውሃ ልትጠጣ እኔ ወዳለሁበት አጥር መጣች። ለእንዲህ ያለው ቀን ያስቀመጥኩት አንድ መርዘኛ ስድብ ነበረኝ። ግን የውሃውን ጠርሙስ ስትቀበለኝ እጇ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ትከሻዋን በሌላው እጇ ደግፋዋለች። ስድቡ ጠፋኝ።

«የኔ እመቤት፣ ይብቃሽ» አልኳት። «ደክመሻል። ለልጅቷ ልቀቂላትና ወደ ቤታችን እንሂድ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ፈገግታዋ ከፊቷ ላይ ጠፋ።

«ምን አልክ?»

«ደክመሻል አልኩሽ።»

ጠርሙሱን ሳትጠጣለት መለሰችልኝና ሄደች። ጦሩን አነሣች። ስትንደረደር መሬቱ የበደላት ይመስል ነበር። ስትለቀው የጮኸችውን ጩኸት ያህል በትዳራችን ሰምቼ አላውቅም፤ የእናቷ ሻንጣ የገባ ቀን እንኳን። ጦሩ ሄደ፣ ሄደ፣ ሄደ። ራቅ ብሎ ምልክት ሊተክል የቆመው ዳኛ ወደ ኋላው ሮጠ። ሕዝቡ ብድግ አለ።

አሰልጣኙ እየሮጡ መጥተው አቀፉኝ። «ምን ብለሃት ነው?» አሉኝ። «እንጃ» አልኳቸው።

አመሻሹ ላይ ጸጉር ቤቴን ልዘጋ ስል ገባች። የወርቅ ሜዳሊያውን ከአንገቷ አውልቃ አንገቴ ላይ አጠለቀችልኝ።

«ያንተ ነው» አለች። ልስቅ አፌን ስከፍት ቀጠለች። «ዛሬ ላቆም ወስኜ ነበር። የመጨረሻዋን ወርውሬ ጫማዬን ለልጅቷ ልሰጣት። ልቤ አርፎ ነበር፤ ጠዋት ነገርህ ሁሉ ያሳቀኝም ለዚያ ነው።»

«ታዲያስ?»

«አሰልጣኙ እንደላኩህ ከድሮም አውቃለሁ። እያወቅኩም እናደድ ነበር፤ እናቴን ተሸክሞ የማይናደድ ማን አለ! ግን ሁሉም የውሸት ነበር። የዛሬውን ከልብህ ነው ያልከው።»

ልዋሻት ፈለግሁ። ስንት ዓመት ስዋሻት ኖሬ፣ የሚያስፈልገኝ ሰዓት ላይ ውሸት አጣሁ።

«ከልቤ ነው» አልኳት።

ፊቷን ወደ መስታወቱ አዞረች። የምታለቅስ መስሎኝ ፈራሁ።

«እንግዲያው አላቆምም» አለች። «አንተን ውሸታም እስካደርግህ ድረስ እወረውራለሁ።»

ከዚያ ደንበኞቼ የሚቀመጡበት ወንበር ላይ ተቀመጠችና ትከሻዋን ሰጠችኝ።

«እሸው። አንዲት ቃል ግን እንዳትተነፍስ።»

አሸሁላት። እጇ የወንበሩ መደገፊያ ላይ ሆኖ አሁንም ይንቀጠቀጣል። በመስታወቱ ውስጥ እያየሁት ዝም አልኩ።