ያላቆመ ተስማምቷል

በእኛ ስፌት ቤት ሕግ የሚጸድቀው እንዲህ ነው። አለቃችን፣ ሜትር ከአንገቱ ስለማይወርድ «ሜትሩ» የምንለው፣ ወረቀቱን ይዞ ፊት ለፊታችን ይቆምና ያነባል። የተቃወመ የስፌት መኪናውን ያቆማል፤ ያላቆመ ተስማምቷል። አርባ መኪና እየጮኸ! በቀን የሚጠበቅብን ቁጥር ስላለ ደግሞ ማንም አያቆምም። ሜትሩ ይህን አፉን ሞልቶ ዲሞክራሲ ይለዋል።

ማክሰኞ ጠዋት ታናሽ እህቴን አባረራት። የአራት ወር እርጉዝ ናት፤ ባሏ ከታመመ ወዲህ ቤቱን የያዘችው እሷ ናት። ጥፋቷ ከምሳ በፊት ሁለቴ ሽንት ቤት መሄዷ ነው።

ደሜ ፈላ። ሥራዬን ጥዬ ሄጄ ፊቱ ተገተርኩ።

«አንዴ ብቻ የሚል ሕግ ማን አወጣ?»

«እናንተ» አለኝ ሳያፍር። «ባለፈው ወር ተነበበ። የእህትሽ መኪና መቼ ቆመ?»

«መጨረሻው ረድፍ ላይ እኮ ናት! እዚያ ምን ይሰማል?»

«አልሰማሁም ማለት ትችል ነበር።»

ስንት ዓመት አንቱ ስለው የኖርኩትን ሰውዬ ያን ቀን አንተ አልኩት።

«መነበቡን ሳታውቅ አልሰማሁም እንድትል? ጤነኛ ነህ? ተስማማ የሚባለው እኮ እንቢ ማለት የሚችል ሰው ነው! እዚህ ያቆመች ሴት በማግስቱ የት ነው የምትገኘው?»

«በሩ ክፍት ነው። ያልተስማማው ይውጣ።»

«ወጥታ ምን ትብላ? ውጪ ረሃብ ቆሞ እየጠበቀ በሩ ክፍት ነው ይባላል?»

እህቴ ቦርሳዋን አንግታ ቆማ ታዳምጣለች። አይዞሽ ልላት ዞር አልኩ።

«እታለም» አለችኝ፣ «አንቺ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ነሽ። ሲያነብ አልሰማሽም?»

ውሸት ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰ። ሰምቻለሁ፣ ያውም ቃል በቃል። ኮሌታ እየሰፋሁ ነበር። እኔ እንደሁ ጠዋት ውሃ አልጠጣም፣ ምን አገባኝ፣ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብዬ እግሬን ከፔዳሉ ሳላነሳ ቀረሁ።

«ሰምቻለሁ» አልኳት።

ሜትሩ ሳቀ። ባንቀው ደስ ባለኝ፤ ከእሱ ይልቅ ግን የጠላሁት ራሴን ነበር።

እህቴ አልጮኸችም።

«ያኔ ማርገዜን የምታውቂው አንቺ ብቻ ነበርሽ» ብላኝ ወጣች።