የረቡዕ ፊርማ

እስቲ ይታያችሁ፤ ረቡዕ፣ ሐሙስና ዓርብ ገና ሳይመጡ ሰኞ ጠዋት ተፈርሞባቸዋል። ሩፋኤል የኛዳክ የልምምድ ወረቀት ላይ አምስቱንም ቀን በአንድ ትንፋሽ ፈረመና እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተ። «ጋምቤላ ስልጠና ተጠርቻለሁ፤ ዓርብ እመለሳለሁ። አይዞሽ፣ ሥራውን እንደሆነ ታውቂዋለሽ» አላት። ኛዳክም አመሰገነችው። ምን ታድርግ?

ኛዳክ ከማታር ከተማ ወዲህ፣ ባሮ ዳር ባለች አንዲት ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። ሁለት ዓመት ሙሉ ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታ ላይ እየወጣች የእናቶች ነርሲንግ ማስተርሷን በኦንላይን ተምራለች። የቀራት የተግባር ልምምድ ነው፤ ያውም የመጨረሻው ሳምንት። ዩኒቨርሲቲው ታዲያ ማስተርስ ያለው ተቆጣጣሪ በየቀኑ አጠገቧ ቆሞ እንዲፈርም ይፈልጋል። በዚያ ሁሉ አገር ማስተርስ ያለው ሩፋኤል ብቻ ነው። አዲስ አበባ ላለው አማካሪዋ ለልዑልቃል ይህን ብትነግረው፣ «እንደምንም አድርጊው፤ አንድ ቀን ከጎደለ ዓመቱን ትደግሚያለሽ» ብሎ በቴሌግራም ጻፈላት። አዲስ አበባ ተቀምጦ እንደምንም ማለት ምን ይከብዳል!

ረቡዕ ከሰዓት ቶክ የሚባል ዓሣ አጥማጅ ነፍሰ ጡር ሚስቱን ኛቡዋይን በጀልባ ይዞ መጣ። ሠፈራቸው አጠገብ ያለውን ጤና ኬላ ትቶ እዚህ ድረስ የቀዘፈው፣ ሩፋኤል የማዋለጃው በር ላይ «የተግባር መምህር በሥራ ሰዓት አለ» የሚል ማስታወቂያ መለጠፉን ሰምቶ ነው። ኛዳክ ቶክን እንደ ደንቡ ውጭ ዛፍ ሥር አስቀመጠችው።

ሕፃኗ በደህና ተወለደች። እንግዴ ልጁ ግን አልወጣ አለ፤ ደሙም አልቆም አለ። ኛዳክ መርፌ ወጋች፣ ግሉኮስ ሰቀለች። ከዚያ በኋላ የቀረው እጅ አስገብቶ ማውጣት ነው። ሩፋኤል ሲያደርገው ሁለት ጊዜ አይታለች፤ እሱ አጠገቧ ካልቆመ ግን አልተፈቀደላትም። ደወለችለት፤ አይሠራም። አምቡላንሱ ኢታንግ ሄዷል። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ደጋግማ ደወለች። ኧረ የሰው ያለህ! በመጨረሻ ጓንት አጥልቃ እጇን ስታስገባ የኛቡዋይ ከንፈር ነጥቶ ነበር። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞተች።

ዓርብ ሩፋኤል ተመለሰ። ነገሩን ሲሰማ ፊቱ ዐመድ መሰለ። «ወረቀቱ የት ነው?» አለ፤ መጀመሪያ የጠየቀው ስለ ሟቿ አይደለም፣ ስለ ወረቀቱ ነው። «ስሚኝ ኛዳክ፤ አልነበርኩም ካልን እኔ የሙያ ፈቃዴን እነጠቃለሁ፣ ያንቺም ትምህርት ገደል ይገባል። ሟቿ እንደሆነች አትመለስም። ነበርኩ፤ በቃ።» የኛዳክ ሆድ እሺ አለ፤ ለዚህም ራሷን ጠላች።

እሑድ ቶክ ብቻውን መጣ። ጠብ ፍለጋ አልነበረም። «እህቴ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ» አላት በኑዌር ቋንቋ። «እኔ ውጭ ነበርኩ፣ ምንም አላየሁም። ያን ቀን መምህሩ ውስጥ ነበር?»

«ነበረ» አለች።

ሰውዬው በረጅሙ ተነፈሰ። «ተመስገን! የሚያውቅ ሰው ሳያያት ሞተች እያልኩ እህል አልወርድ ብሎኝ ነበር።» ሄዶ የሩፋኤልን እጅ በሁለት እጁ ይዞ አመሰገነው። ሩፋኤልም፣ አያፍርም፣ መሬት መሬት እያየ ተመሰገነ። ቶክ ሲሰናበት፣ «የወንድሜ ሚስት በሚመጣው ወር ትወልዳለች፤ እሷንም እዚሁ አመጣታለሁ» አለ።

ኛዳክ ያንኑ ቀን ወረቀቱን ፎቶ አንስታ ለልዑልቃል ላከች። «ጎበዝ! ሰዓትሽ ሞልቷል» ብሎ መለሰላት። ስልኩን አስቀምጣ አለቀሰች።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ሩፋኤል ዝውውር አግኝቶ ጋምቤላ ከተማ ገባ። ማስታወቂያውን የነቀለው ሰው የለም፤ ኛዳክም ዛሬ ነገ እያለች ተወችው።

አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ የቶክ ጀልባ ዳር ደረሰች። የወንድሙ ሚስት ኛፑዎት ጀልባዋ ወለል ላይ ተጋድማ ታምጣለች። ቶክ ገና ከሩቅ «መምህሩ አለ አይደል?» ብሎ ተጣራ።

«የለም» አለች ኛዳክ። ይቺ ቃል ከወጣች በኋላ ሌላውን መያዝ አቃታት። «ያን ቀንም አልነበረም። ብቻዬን ነበርኩ። ዋሸሁህ፣ ወንድሜ።»

ቶክ መቅዘፊያውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ዞሮ የመጣበትን ወንዝ አየ፤ ሌላ ጤና ጣቢያ ለመድረስ ግማሽ ቀን መቅዘፍ ነው። ኛፑዎት ጮኸች። እሱም መቅዘፊያውን ጥሎ በእግሯ በኩል ዞረ።

«ብብቷን ያዢ» አለ ኛዳክን ሳያያት።

ተሸክመው እስከ ማዋለጃው ወሰዷት። አልጋው ላይ ካስተኟት በኋላ ኛዳክ እንደ ልማዷ በሩን አሳየችው። ቶክ ግን ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ።

«ዛሬ ውጭ አልጠብቅም» አላት።