ነገ የሚውለው በዓል

የመጨረሻውን ሚስማር በጫማ ተረከዝ እየመታች መጋረጃውን ከመስኮቱ እንጨት ጋር ስታጣብቅ ደወሉ ጀመረ። መጀመሪያ አንዱ ቤተ ክርስቲያን ደወለ፤ ከዚያ ማዶ ያለው ተቀበለው። እጇ አየር ላይ ቀረ።

«እማዬ፣ ምንድን ነው የሚደወለው?» አለች ጩጬ ከአልጋው ላይ ሆና። ጩጬ የቤቱ ትንሿ ናት፤ አምስት ዓመት እንኳ አልሞላትም።

«ልምምድ ነው» አለች እናት ፊቷን ሳትመልስ። «ለነገው በዓል እየተለማመዱ ነው።»

«ደወልም ይለማመዳል?»

«ታዲያስ! ካልተለማመደ ይሳሳታላ።»

ጩጬ ነገሩ አሳማኝ ሆኖ አገኘችውና ተመልሳ ብርድ ልብስ ውስጥ ገባች። እናት ሚስማሩን ጨረሰች። የገና በዓል ያን ዕለት ነበር፤ ይህን አገር ምድሩ ያውቃል። በዚያች አንዲት ክፍል ውስጥ ብቻ በዓሉ ለነገ ተላልፏል፤ ያስተላለፈችውም እሷ ናት።

ሐሳቡ የመጣላት የቤት ኪራይ የከፈለች ዕለት ነው። አከራዩ «ለሁሉም ጨምሬያለሁ፤ አንቺን ብቻ እንዳይመስልሽ» ብሎ ደመወዟን ሙልጭ አድርጎ ሲወስድ፣ ለበዓሉ የተረፋት ምራቋን መዋጥ ነበር። የልጆቹ አባት እንደሆነ ሥራ ፍለጋ ብሎ በወጣበት የውሃ ሽታ ሆኖ ቀርቷል። ቢሆንም ሆቴሉ አለ። ሰሃን በምታጥብበት ትልቅ ሆቴል በገና ዕለት አዳራሹ ጢም ብሎ ይሞላል፤ ምሳው ሲያበቃ ዋናው ሼፍ የተረፈውን ለሠራተኛው ያካፍላል። አምና ግማሽ ዶሮ፣ ብርቱካንና ስኳር የተነሰነሰበት ኬክ ደርሷት ነበር፤ ጩጬ ያን ኬክ እስካሁን እንደ ተረት ታወራዋለች። እናም እናት ነገሩን በልቧ አወጣች፣ አወረደች። የባለጸጋው በዓል ሲያልቅ የእሷ ይጀምራል። ልጆቹ የዛሬን ካላወቁ ነገ ጠዋት ሲነሱ ጠረጴዛው ሞልቶ ያገኙታል። ከሌላው ልጅ በአንድ ቀን ቢዘገዩ ነው እንጂ ከማን ያንሳሉ?

ያሳሰበቻት ትልቋ ናት። አሥር ዓመቷ ነው፤ ታነባለች፣ ትጽፋለች፣ ትምህርት ቤት ውላ ትመጣለች። «በዓሉ እኮ ነገ ነው» ስትላት ልጅቱ ቀና ብላ አየቻትና «እሺ» ብላ የእህቷን ፀጉር መሥራቷን ቀጠለች። እናት ያቺን «እሺ» ሌሊቱን ሙሉ ስታገላብጣት አደረች። አምናት ይሁን አዝናላት አልለየላትም።

ልትወጣ ስትል ሁለቱንም ፊቷ አቆመቻቸው።

«ስሙኝ። በር እንዳትከፍቱ፤ መጋረጃውን እንዳትነኩ። ሰው ቢመጣ በእኛ ቤት በዓሉ ነገ ነው በሉ። ከማንም እጅ ምንም እንዳትቀበሉ። ነገ የራሳችን አለልን።»

«ጎረቤትም ብትሆን?» አለች ትልቋ።

«ማንም ብትሆን አልኩሽ እኮ!»

ቁጣው ለልጅቱ የሚገባ አልነበረም፤ ከአፏ ከወጣ በኋላ ግን መልሳ ልትውጠው አልቻለችም። የሰው ፊት እሳት ነው። ያ እሳት ስንት ጊዜ እንደለበለባት የምታውቀው እሷ ናት፤ ልጆቿን እንዲነካቸው አትፈልግም።

ደጅ ላይ ከግድግዳው ማዶ የምትኖረውን ልብስ ሰፊ አገኘቻት። የሰፈሩን ልጆች የበዓል ልብስ ስትሰፋ ሰንብታ ዐይኗ ቀልቷል፤ የልብስ መኪናዋ ዛሬ ገና ዝም ማለቱ ነው። አዲስ የለበሱ ልጆች መንገዱን ሞልተውት የማን ልብስ ብዙ ኪስ እንዳለው ይቆጥራሉ።

«እንኳን አደረሰሽ! ልጆቹስ የታሉ?»

«እንኳን አብሮ አደረሰን። ትንሿን ትንሽ አተኩሷት ተኝተዋል» አለች። ሌላ ውሸት። የጠዋቱን ቆጥራ ስለማትጨርሰው ተወችው።

*

የሰሃን ማጠቢያው ክፍል መስኮት የለውም። እንፋሎቱ ከፊት ላብ ጋር ተደባልቆ አገጭ ላይ ይወርዳል፤ ከአዳራሹ የሙዚቃና የሳቅ ድምፅ በሩ በተከፈተ ቁጥር እየገባ በተዘጋ ቁጥር ይቆረጣል። አብራት የምታጥበው አሮጊት በሠራተኛው ዘንድ እማማ ሳሙና ትባላለች፤ እጇ ከውሃ ወጥቶ አያውቅም፣ ምላሷም ከነገር።

«ዘንድሮ ነገሩ አላማረኝም» አለች እማማ ሳሙና። «በጓሮ በኩል በርሜሎች ሲያስገቡ አየሁ። ክዳናቸው ቁልፍ አለው።»

«የቆሻሻ ይሆናላ።»

«ቆሻሻ ማን ይሰርቃል ብለው ይቆልፉታል?»

«እግዜር ሳይደግስ አይጣላም» አለች እናት። ይህን ማለቷ እማማ ሳሙናን ለማጽናናት አልነበረም።

ሰሃኖቹ መጉረፍ ጀመሩ። አንዱ ላይ ከዳሩ ብቻ የተነከሰ ሥጋ፣ ሌላው ላይ ሹካ ያልነካው ሩዝ። እሷ ግን የተበላውን አይደለም የምታየው፤ ልቧ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ በተደረደሩት፣ ወደ አዳራሹ ባልወጡት ትሪዎች ላይ ነበር። ዶሮዎቹን በሩ በተከፈተ ቁጥር ሰርቃ አየቻቸው። አንዱን ለልጆቹ መርጣላቸዋለች ማለት ይቻላል፤ ከወደ ጥግ ያለውን፣ ቆዳው ቡናማ የሆነውን።

ምሳው ሲያበቃ ሼፉ መጣ። ነጭ ቆቡን አውልቆ በእጁ ይዞታል። ቆቡን የሚያወልቀው ሰው ሲሞት ብቻ ነው።

«ያው አዲሱ ሥራ አስኪያጅ…» ብሎ ጀመረና ጉሮሮውን ጠረገ። «የሚተርፈው ዘንድሮ በኮንትራት ተሸጧል። በርሜል ውስጥ ይገለበጣል። ሠራተኛ እንዳይነካ ተብሏል፤ ነገሩ በእኔ እጅ አይደለም።»

«ለማን ነው የተሸጠው?» አለች እናት። ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት።

«ለጥበቃ ድርጅት። ውሾች አሏቸው።»

እማማ ሳሙና እጇን በሽርጧ አበሰችና «እንግዲያው ውሾቹን እንኳን አደረሳችሁ በልልን» አለች። አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ሼፉ ቆቡን ሳያጠልቅ ወጣ።

እናት አልሳቀችም፣ አላለቀሰችምም። ሰሃን ማጠቧን ቀጠለች። እዚያ ቤት በሠራችበት ዘመን ሁሉ አንዲት የሻይ ማንኪያ እንኳ ይዛ ወጥታ አታውቅም፤ በዚህም ሳትናገረው ትኮራ ነበር። መጨረሻ ላይ ከመጣው ትሪ ማንም ያልነካው የኬክ ቁራጭ አየች። እጇ ሳያማክራት በወረቀት ጠቀለለውና ኮቷ ኪስ ውስጥ ከተተው።

በሠራተኛ መውጫው በር ዘበኛው ቦርሳዋን አየ፤ ከዚያ ኮቷን ከላይ ዳሰሰ። እጁ ኪሷ ላይ ሲደርስ ቆመ። ጥቅልሉን አወጣና ሳይፈታው ምን እንደሆነ ገባው።

«እህቴ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። በዐይኑ ከጣሪያው ሥር የተሰቀለውን ካሜራ አሳያት። «እኔም ልጆች አሉኝ። ዛሬ ብለቅሽ ነገ ሁለታችንም ውጭ ነን።»

ኬኩን ከኋላው ከነበረው በርሜል ውስጥ ጣለውና ክዳኑን ገጠመ። «እኔ ምንም አላየሁም። ሂጂ፣ እንኳን አደረሰሽ።» ቢሰድባት ይሻላት ነበር።

*

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ሰፈር ደረሰች። መንገዱን ሁሉ ለልጆቹ የምትነግረውን ስትፈልግ ነው የመጣችው። ሆቴሉ ተዘግቶ ነበር ትበል? በዓሉ ለሌላ ቀን ዞረ ትበል? አንድ ጊዜ የተገፋ በዓል ሁለት ጊዜ ቢገፋስ ምን ይላል? በራሷ ሐሳብ አፈረች፤ ግን አልተወችውም።

በሩን ስታንኳኳ ትልቋ «ማነው?» ብላ አጣርታ ከፈተች። ጩጬ ዘላ ወገቧ ላይ ተጠመጠመች፤ አፍንጫዋንም ኮቱ ላይ ለጠፈችው።

«እማዬ! ኬክ ኬክ ትሸቻለሽ!»

ልትከለክላት ሳትችል ኪሱን ገለበጠችው። ከወረቀቱ ሾልኮ የኪሱ ገበር ላይ የተጣበቀ ክሬም ነበር። ጩጬ በጣቷ ጠርጋ ላሰችውና ዐይኗን ጨፈነች። «አምና የነበረው ነው!» አለች። «ሌላው ለነገ ነው?»

እናት ኪሱን መልሳ ከተተችው። ቤቱ ውስጥ ጠዋት ያልነበረ ሽታ ነበር፤ የተጠበሰ ሥጋ። ከራሷ ልብስ የሚወጣ መስሏት እጅጌዋን አሸተተች። ከራሷ አልነበረም።

«ማን መጣ?»

«ልብስ ሰፊዋ» አለች ትልቋ። «ትሪ ይዛ። ክፈቱልኝ፣ ለታመመችው ነው ያመጣሁት አለች። በሩ ሥር አስቀምጬው ልሂድ ወይ አለች።»

«እና?»

«በሩን ሳልከፍት በስንጥቁ በኩል በእኛ ቤት በዓሉ ነገ ነው አልኳት። ከዚያ ለልጇ ቤተሰብ ይዛው ሄደች። የምትመለሰው ከነገ ወዲያ ነው።»

እናት ሳታስበው ወጣች። በልብስ ሰፊዋ በር ላይ ጓጉንቸሩ ተንጠልጥሏል። ነካ አደረገችው፤ ብረቱ ቀዝቅዟል። እግዜርስ ደግሶ ነበር፤ ትሪ አሸክሞ እስከ ደጃፏ ልኮላት ነበር። በሩን ያስዘጋችው እሷ ናት።

ስትመለስ ጩጬ ለነገ እንዲያምርባት የተሠራላትን ፀጉር እንዳይበላሽ በሁለት እጇ ይዛ አልጋው ላይ ተቀምጣለች። እናት ትልቋን ወደ ጥግ ሳበቻት።

«አንቺ ልጅ» አለች በሹክሹክታ። «ርቧችሁ የለም እንዴ? ለምን አልተቀበልሽም?»

«ብቀበላትማ» አለች ትልቋ በዚያው ድምፅ፣ «ዛሬ መሆኑን ጩጬ ታውቅ ነበር።»

የዚያች «እሺ» ትርጉም አሁን ለእናት ገባት። ልጅቱን ልታቅፋት እጇን ዘረጋች፤ ልጅቱ ግን ባዶውን ቦርሳ አንድ ጊዜ አይታ ምንም ሳትጠይቅ ወደ እህቷ ሄደች።

የማታው ደወል ጀመረ። እንደ ጠዋቱ መጀመሪያ አንዱ ደወለ፤ ከዚያ ማዶ ያለው ተቀበለው።

«አሁንም እየተለማመዱ ነው?» አለች ጩጬ።

እናት አፏን ከፈተች።

«አዎ» አለች ትልቋ፣ ብርድ ልብሱን በእህቷ ትከሻ ላይ እየሳበች። «ነገ እንዳይሳሳቱ ነው።»

ድምፁ የእናቷ ነበር፤ ፊቷን ሳትመልስ መናገሯም የእናቷ ነበር። ከዚያ ተነሥታ ወደ መስኮቱ ሄደችና ከጥጉ የላላውን ሚስማር በአውራ ጣቷ ገፋ ገፋ አደረገችው።